የብራዚልን ዘፈን ለመረዳት የሚነበቡ መጻሕፍት

ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ድንበር ይሻገራል። ቋንቋውን የማናውቀው ሕዝብ ዜማ ጆሮአችንን ሲያስደስተው ሕዝቡንም ያወቅነው ይመስለናል። ነገር ግን ዜማን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ዜማውን ያወጣውን ሰው ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያቀርበው ንባብ ነው። ስለዚህ የብራዚልን ሙዚቃና የሕዝቡን ኑሮ ለማወቅ ለሚፈልጉ ወጣቶች የትኞቹ መጻሕፍት እንደሚጠቅሙ፣ ከእነዚሁም የትኞቹ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለባቸው፣ የመሰለኝን በዚህ ጽሑፍ ልገልጽ አስቤአለሁ።

የብራዚል ስም ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ የመንግሥት ግልበጣ በተሞከረ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ እንደ ነበሩ አባቶቻችን አውርተውልናል። ወጣቶች ደግሞ አገሩን በእግር ኳስ ያውቁታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያገናኘን ግን ቡና ነው። ከኛ ደን የወጣው ተክል ብዙ አገር ዞሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1727 ብራዚል ገባ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የሪዮ ዴ ጃኔሮን አካባቢ ባለርስቶች አበለጸገ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ቡና የተከሉትና የለቀሙት ግን አብዛኞቹ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት፣ ባሕሩን ተሻግረው በሕይወት ብራዚል የደረሱት አፍሪካውያን ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህም በባርነት ወደ አሜሪካ ምድር ከተወሰዱት ሁሉ ከመቶ 40 እጅ ይበልጣል። ባርነት በሕግ የቀረው በሜይ 13 ቀን 1888 ሲሆን፣ ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ሁሉ ብራዚል የመጨረሻዋ ናት። ነፃ ለወጡትም መሬት አልተሰጣቸውም፤ ካሣም አልተከፈላቸውም። ብዙዎቹ ወደ ሪዮ ከተማ ፈለሱ፤ ከባሂያ አውራጃ ከመጡት ወገኖቻቸውም ጋር በአንድነት ሰፈሩ። ዛሬ ዓለም ሳምባ እያለ የሚጨፍርበት ዘፈን ያደገው በእነዚህ ሰዎች ግቢ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ዘፈን የተጻፈውን ሁሉ በምን እንመዝነው? እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ አንድ መጽሐፍ አንብበን በጨረስን ቁጥር መምህሮቻችን “በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ዝም ያለውስ ማን ነው?” እያሉ ይጠይቁን ነበር። እኔም በመምህርነት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ተማሪዎቼን ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ለብራዚል መጻሕፍትም ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

ብዙ ሰዎች ለጀማሪ አንባቢ የሚመክሩት ደስ የሚያሰኘውን መጽሐፍ አስቀድሞ እንዲያነብ ነው። እኔ ግን ከመራራው ጀምሩ እላለሁ። ይኸውም ካሮሊና ማሪያ ዴ ዤዙስ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ ነው። በ1960 በታተመ ጊዜ የተሰጠው ስም “የውዳቂ ዕቃ ክፍል” ማለት ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ትርጉም “የጨለማ ልጅ” ተብሏል። ጸሐፊዋ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ የተማረች፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ካኒንዴ በሚባል የድኾች ሰፈር ከሦስት ልጆችዋ ጋር የምትኖር፣ ከየመንገዱ ወረቀትና ቁርጥራጭ ብረት እየለቀመች የምትሸጥ ጥቁር ሴት ነበረች። ከቆሻሻ መካከል ባገኘቻቸው ደብተሮች ላይ የየዕለቱን ኑሮዋን ትጽፍ ነበር። በ1958 አንድ ጋዜጠኛ ደብተሮቹን አየና ለኅትመት አበቃቸው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ረሃብ እንደ አንድ ሰው ሆኖ በየገጹ ይመላለሳል። በሜይ 13 ቀን 1958፣ አገሩ ባርነት የቀረበትን ዕለት ሲያከብር፣ ካሮሊና በዚያ ዕለት የምትታገለው ረሃብን እንደ ነበረና የዘመኑ ባርነትም እርሱ እንደ ሆነ ጽፋለች። ስለ ብራዚል ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ ገጽ ልቤን የነካው የለም። ይህች ሴት ዘፈንም ትደርስ ነበር፤ በ1961 የራስዋን ድርሰቶች በራስዋ ድምፅ በሸክላ አስቀርጻለች። መጽሐፍዋ በብዙ ቋንቋ ቢተረጐምም ዝናዋ ብዙ አልቆየም፤ በ1977 ስትሞት ድኽነት ተመልሶ አግኝቷት ነበር።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም አልልም። ጋዜጠኛው ከደብተሮቹ እየመረጠና እየቀነሰ ያሳተመ ስለ ሆነ፣ የምንሰማው ድምፅ የእርስዋ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። እርስዋም በጎረቤቶችዋ ላይ የምትፈርደው አንዳንድ ጊዜ ያለ ርኅራኄ ነው። ቢሆንም በሌሎቹ መጻሕፍት ዝም ያለው ሰው እዚህ ይናገራል። ካሮሊናን አስቀድሞ ያነበበ ወጣት ከዚያ በኋላ የሚያነበው ጣፋጭ ነገር በቀላሉ አያታልለውም።

ሁለተኛው መጽሐፍ የዢልቤርቶ ፍሬይሬ ሥራ ነው። በ1933 በፖርቱጊዝኛ ሲወጣ ስሙ “ታላቁ ቤትና የባሮች ማደሪያ” ነበር፤ በእንግሊዝኛ “ጌቶችና ባሮች” በሚለው ስም በ1946 ታትሟል። ፍሬይሬ በ1900 የሸንኮራ እርሻ በበዛበት አውራጃ በሬሲፌ ከተማ ተወለደ። እርሱም የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነበረ፤ በአሜሪካውያን ባፕቲስቶች ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርቱን አጠናቀቀ።

የዚህን መጽሐፍ ዋጋ ለማወቅ ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ብዙ የብራዚል ሊቃውንት የአፍሪካ ደም ለአገራቸው እንደ ነውር አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ከአውሮፓ ፈላሲ በማምጣት ሕዝቡ ቀስ በቀስ እንዲነጣ የሚመኙም ነበሩ። ፍሬይሬ በዚህ መካከል ተነሥቶ ምግቡም፣ አነጋገሩም፣ ተረቱም፣ እንጉርጉሮውም ከአፍሪካውያን እጅና አፍ የተቀበልነው ነው ብሎ በብዙ ማስረጃ አሳየ። ይህ ታላቅ ድፍረት ነው። አጻጻፉም እንደ ወንዝ የሚፈስ ስለ ሆነ አንባቢን ይዞ ይሄዳል። ጭካኔውንም አልደበቀም፤ እመቤቶች በቅናት ተነሣሥተው በሴት አገልጋዮች ላይ ያደረሱትን ሥቃይ ጽፏል።

ነገር ግን ወደ ሚዛናችን እንመለስ። የሚናገረው ማን ነው? የታላቁ ቤት ልጅ ነው። የጌታውን ሕፃን አቅፋ ያጠባችውን ሞግዚት በፍቅር ያስታውሳታል፤ ለራስዋ ልጅ ምን ብላ እንደ ዘፈነችለት ግን አይነግረንም። በፍቅርና በመደባለቅ ላይ ብዙ ስለ ተናገረ፣ “በብራዚል ዘሮች ተስማምተው ይኖራሉ” የሚለው ወሬ ከስሙ ጋር ተያይዞ በዓለም ተሰማ። ለዚህም ዋና ምስክር ሆኖ የቀረበው ዘፈኑና ካርኒቫሉ ነበር።

እውነቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1950 አንዲት የታወቀች ጥቁር አሜሪካዊት ዳንሰኛ፣ ካትሪን ደንሃም፣ በሳኦ ፓውሎ በአንድ ሆቴል እንዳታድር ተከለከለች። በ1951 የዘር ልዩነትን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። የሌለ በሽታ መድኃኒት አይታዘዝለትም። ከዚያም ዩኔስኮ ባስጠናው ጥናት ፍሎሬስታን ፈርናንዴስና ባልደረቦቹ በሳኦ ፓውሎ ጥቁሮች በሥራና በኑሮ የሚደርስባቸውን በደል አስረዱ። አባቶቻችን “ጥርስ ባዳ ነው” ይላሉ፤ ሆድ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። የአንድ ሕዝብ ዘፈን መጣፈጡ ሕዝቡ ፍትሕ ለማግኘቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፍሬይሬን አንብቡት፤ ነገር ግን ካሮሊናን በአጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንብቡት።

ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ስለ ሆኑ በአንድ ላይ ቢነበቡ ይሻላል። የመጀመሪያው የኤርማኖ ቪያና “የሳምባ ምሥጢር” ነው፤ በ1995 ታትሞ በ1999 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሟል። ደራሲው የሚጀምረው በ1926 በሪዮ ከሆነ አንድ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት ፍሬይሬና ታሪክ ጸሐፊው ሰርዥዮ ቡዋርኬ ዴ ኦላንዳ፣ ሙዚቀኛው ቪላ ሎቦስም ጭምር፣ ዶንጋና ፒሺንጊኛ ከሚባሉ ጥቁር ሙዚቀኞች ጋር ተቀምጠው ዘፈን ሲሰሙ አመሹ። ቪያና የሚጠይቀው፣ የተናቀ የሚመስለው ዘፈን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት የአገር መታወቂያ ሊሆን ቻለ ብሎ ነው። መልሱም፣ ሳምባ በአንድ ኮረብታ ላይ ንጹሕ ሆኖ ተወልዶ ኋላ የተሰረቀ ነገር አይደለም፤ ጥቁሩም ነጩም፣ ምሁሩም ፖለቲከኛውም በብዙ ዓመታት ግንኙነት አብረው የሠሩት ነው የሚል ነው። በ1930ዎቹ በዤቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ዘመን ሬዲዮ አስፋፋው፤ መንግሥትም ለአገር አንድነት ተጠቀመበት።

ይህ መጽሐፍ አጭርና ብልህ ነው። “ንጹሕ ባህል” የሚለውን ቃል በቀላሉ እንዳናነሣ ያስተምረናል። ሆኖም አንድ ጕድለት አይበታለሁ። ሰዎቹ በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጣቸውን ያሳየናል፤ ገበታው ከተነሣ በኋላ ማን በምን ኪስ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ግን በሚገባ አይጠይቅም።

ይህን የሚጠይቀው የማርክ ኸርዝማን “ሳምባን መሥራት” ነው፤ በ2013 በእንግሊዝኛ ታተመ። ዶንጋ በ1916 “በስልክ” የሚል ትርጕም ያለውን ዘፈን በሪዮ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በስሙ አስመዘገበ፤ በ1917ም በሸክላ ወጥቶ በካርኒቫሉ ተደነቀ። ነገር ግን ዘፈኑ አክስት ሲያታ በምትባል የባሂያ ተወላጅ ቤት በብዙ ሰዎች መካከል የተዘፈነ ስለ ነበረ፣ “የእኛም ነው” የሚሉ ተነሡ። ኸርዝማን ከዚህ ተነሥቶ ጥቁር ሙዚቀኞች ስለ ስማቸው፣ ስለ መብታቸውና ስለ ደመወዛቸው ያደረጉትን ረዥም ትግል ይከተላል። ሳምባ በራሱ በሕግ ተከልክሎ ነበር የሚለውን የተለመደ ታሪክም በፖሊስ መዝገብ መርምሮ፣ ነገሩ እንደሚወራው ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። አጻጻፉ የምሁር ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ለድካሙ ዋጋ ይከፍላል።

የዚህን ትግል ምንነት ለመረዳት የካርቶላን ሕይወት አስቡ። በ1908 የተወለደው ይህ ሰው በ1928 ማንጌይራ የተባለውን የሳምባ ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። በወጣትነቱ ዘፈኖቹን ለታወቁ ዘፋኞች ይሸጥ ነበር። በ1950ዎቹ አንድ ጋዜጠኛ ሲያገኘው መኪና እያጠበ ይኖር ነበር። በራሱ ስም የመጀመሪያውን ሙሉ ሸክላ ያወጣው በ1974፣ በ65 ዓመቱ ነው። ዘፈኑን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ሰውዬውን ግን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

አምስተኛው የሩይ ካስትሮ መጽሐፍ ነው። በ1990 ታትሞ በ2000 በእንግሊዝኛ የወጣ ሲሆን፣ የሚናገረው ቦሳ ኖቫ ስለሚባለው ለስላሳ ዘፈን ነው። ይህ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል፤ ያስቃል፤ አንድ ምሽት ከጀመሩት እንቅልፍ ይከለክላል። ለወጣቶች የሚጠቅም ብዙ ቁም ነገርም አለበት። ዦአዎ ዢልቤርቶ በሪዮ ሳይሳካለት ቀርቶ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ዲያማንቲና በምትባል ከተማ በእኅቱ ቤት ተጠግቶ ሳለ፣ በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ጊታሩን ይዞ ለብቻው እየተዘጋ ድምፁንና ጣቱን ያሠለጥን ነበር። በ1958 የቶም ዦቢምን ዜማ በሸክላ ሲያስቀርጽ ሰው ሁሉ እንደ ድንገተኛ ተአምር ቈጠረው። ተአምሩ ግን የብዙ ወራት ብቸኛ ልፋት ነበር። ያለ ድካም የሚሠራ የሚመስል ሥራ ብዙ ድካም የተከፈለበት መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

ነቀፋዬ ይህ ነው። ካስትሮ በባሕሩ ጠረፍ ያሉትን ቤቶች፣ ሰገነቶችና መጠጥ ቤቶች አንድ በአንድ ያውቃል። ከእነዚያ ቤቶች በላይ በኮረብታው ላይ የሚኖረው ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የሳቅና የወዳጅነት ወሬም አንዳንድ ጊዜ የሐሳብን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ እንደ ማር በማንኪያ እንጂ በሳሕን አይቅረብ።

ስድስተኛው የዘፋኙ የካኤታኖ ቬሎዞ “የሐሩር አገር እውነት” ነው፤ በ1997 ወጥቶ በ2002 በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ይዘው እስከ 1985 ገዙ። ቬሎዞና ጓደኛው ዢልቤርቶ ዢል የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአገራቸው ዜማ ጋር በማዋሐዳቸው በሁለት ወገን ተመቱ። ባህላችንን ለአሜሪካ ሸጡ ያሉ ተማሪዎች በ1968 በሳኦ ፓውሎ መድረክ ላይ ቬሎዞን በጩኸት ተቃወሙት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ ወታደሮቹ ሁለቱንም ያለ ፍርድ አሰሯቸው። ሁለት ወር ገደማ በእስር ከቆዩ በኋላ ወደ ለንደን ተሰደዱ፤ የተመለሱትም በ1972 ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዢል ከ2003 እስከ 2008 የአገሩ የባህል ሚኒስትር ሆነ።

የቬሎዞ አረፍተ ነገር ረዥምና ጠመዝማዛ ነው፤ ያነበባቸውን መጻሕፍትና ያያቸውን ፊልሞች ስም እያከታተለ ጀማሪ አንባቢን ያደክማል። ስለ ራሱም ብዙ ይናገራል። ሆኖም ስለ እስር ቤቱ የጻፈው ክፍል ጀግና ለመምሰል ሳይሞክር ፍርሃቱን በግልጥ የሚናገር ስለ ሆነ፣ ለዚህ ክፍል ብቻ እንኳ መጽሐፉ ሊነበብ ይገባዋል። በሌላ ቦታ ቢሰለቻችሁ ገጹን እየዘለላችሁ እለፉ፤ እዚህ ሲደርሱ ግን አትቸኵሉ።

የመጨረሻው መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ አጭር ታሪክ ነው። የጻፈው ማሻዶ ዴ አሲስ ነው፤ በ1839 በሪዮ የተወለደ፣ አያቶቹ ከባርነት ነፃ የወጡ፣ በራሱ ጥረት ተምሮ የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። “ዝነኛ ሰው” የሚለውን ይህን ታሪክ ያወጣው ባርነት በቀረበት ዓመት በ1888 ነው። ፔስታና የተባለ ሙዚቀኛ ለጭፈራ የሚሆን ፖልካ በቀላሉ ይደርሳል፤ ከተማውም ሁሉ ያፏጨዋል። እርሱ ግን በሥዕል ከግድግዳው ላይ ሆነው እንደሚመለከቱት የአውሮፓ ታላላቅ ደራስያን ለመሆን ይመኛል። ሌሊቱን ሁሉ በፒያኖው ፊት ተቀምጦ አንዳች አያገኝም፤ ጠዋት ሌላ ፖልካ ይመጣለታል። አሳታሚውም ለዜማው የማይገናኝ ስም ሰጥቶ ይሸጠዋል።

ማሻዶ በጥቂት ገጽ የተናገረውን ሌሎቹ በብዙ መቶ ገጽ ይፈልጉታል። የፔስታና በሽታ፣ ከእጁ የሚፈልቀውን የአገሩን ነገር ንቆ የሌላውን መመኘቱ ነው፤ የከተማው በሽታ ደግሞ ዘፈኑን ወድዶ የዘፋኙን ሕመም አለመጠየቁ ነው። ታሪኩ ግን አይሰብክም፤ ይስቅበታል። የሚያሳዝነንም ከሳቅን በኋላ ነው።

እንግዲህ ሥራችሁን እንዲህ አድርጉ። በካሮሊና ጀምሩ፤ ከዚያ ፍሬይሬን፣ ቪያናንና ኸርዝማንን አንብቡ፤ ካስትሮንና ቬሎዞን ዘፈኖቹን እየሰማችሁ አስከትሉ፤ በማሻዶ ጨርሱ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ተተርጕመው ወይም ተጽፈው ይገኛሉ። ሁሉን ለማግኘት የማይችል ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ቢያነብ ብዙ አይጎዳም። አንዱን ብቻ አንብቦ አገሩን ዐወቅሁ የሚል ግን ይሳሳታል፤ ያልተገላበጠ ያራልና።

በዛሬው ቀን ዘፈን የሚሰማው በስልክ ስለ ሆነ የዘፋኙ ስም ብቻ በፊታችን ይታያል፤ ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ደስ ያላችሁን አንድ የብራዚል ዘፈን ምረጡና ደራሲው ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ኖረ፣ ለሥራውም ምን እንዳገኘ ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን እንደገና ስሙት።